ዓሣ ላይ የተኛው ስልክ

ኮምፒውተሬ የተበላሸው ረቡዕ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ የእልፍነሽን ወረቀቶች ሁለተኛ ገጽ ስጨርስ ነበር። ድምፅ አላሰማም፣ ጭስ አላወጣም። ማያው ጠቆረ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም ብነካካው አልመለስ አለ። የሐምሌ ሙቀትና የባሕሩ ጨው በዓመት ስንት ዕቃ እንደሚጨርሱብን ስለማውቅ አልተገረምኩም። የከፋው ቀኑ ነበር።

እልፍነሽ ከከተማው ዳር፣ ፔካ 12 በሚባለው ሰፈር፣ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምሳ የምትሸጥ ሴት ናት። ጂቡቲ ተወልዳ እዚሁ ጎልምሳለች። አባቷ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ነገር ግን እዚህ መወለዷን የሚያስረዳ የመንግሥት ወረቀት የላትም። ያላት የጥምቀት ምስክር ወረቀት፣ ለአባቷ ከመሥሪያ ቤታቸው የተጻፈላቸው ደብዳቤ፣ የጋብቻ ውልና ሌሎች ቁርጥራጮች ናቸው፤ ሁሉም በአማርኛ፣ በጠቅላላው ዘጠኝ ገጽ። እነዚህ ወደ ፈረንሳይኛ ተተርጉመውና ማኅተም ተደርጎባቸው ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት መዝገቧን ከያዘው የመንግሥት ቢሮ መስኮት መድረስ ነበረባቸው። ካልደረሱ መዝገቧ ይዘጋል። መዝገቧ ከተዘጋ ደግሞ አንድም ቀን ኖራበት ወደማታውቅ አገር እንድትመለስ ይነገራታል። እኔ መሐላ የፈጸምኩ ተርጓሚ ነኝ። ወረቀቶቹን የሰጠችኝ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ያዘገየሁት እኔ ነኝ።

ኮምፒውተሩን በጨርቅ ጠቅልዬ እዚያው ሰፈራችን ካርቲየ 1፣ ከቤቴ ሦስት ሱቅ አልፎ ወዳለው ወደ ሙሰዲቅ ሄድኩ። ሙሰዲቅ አርባ ዓመት ያለፈው ስልክ ጠጋኝ ነው። ከእኔ ጋር አማርኛ፣ ከሚስቱ ጋር ሶማሊኛ፣ ከዕቃ አስመጪዎቹ ጋር ዓረብኛ ይናገራል፤ ሲናደድ ግን ከማንም ጋር ፈረንሳይኛ ነው። ድሬዳዋ ያደገ ስለሆነ አንቱታ የሚባል ነገር አያውቅም።

ከፍቶ አየውና «ማዘርቦርዱ አልቋል» አለኝ። «አንድ ሳምንት።»

«ነገ ጠዋት ነው የምፈልገው።»

«አቦ ማዳም፣ ነገ ጠዋትማ እኔም ብዙ ነገር እፈልጋለሁ።»

ዲስኩን ነቅሎ ከራሱ ማሽን ጋር አገናኘውና ፋይሎቹ ደህና መሆናቸውን ነገረኝ። ችግሩ የት እንደምከፍታቸው ነበር። የቢሮው ፎርም በግራ አማርኛ፣ በቀኝ ፈረንሳይኛ፣ ከታች የማኅተም ቦታ ያለው ሰንጠረዥ ነው። ስልክ ላይ ሲከፈት ዓምዶቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ፣ ፊደላችን ባዶ ሳጥን ይሆናል። ሙሰዲቅ በእሱ ኮምፒውተር እንድሠራ ጋበዘኝ፤ ከኋላዬ ግን ፎቶ ኮፒ የሚጠብቁ አሥር ሰዎች ቆመው ማያውን ያነቡ ነበር። የሰው ወረቀት ሰው ፊት አልከፍትም፤ መሐላዬ አይፈቅድም። ይህንኑ ነገርኩት።

«እንግዲያው ስልክሽን አምጪ» አለ። «እሱም ኮምፒውተር ነው። እንደ ስልክ ስለምታይው ነው እንጂ።»

ሁለት ሰዓት ያህል ወሰደበት። መጀመሪያ በጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ እንደ ጎርፍ ወረደ። ከዚያ በስልኬ ማያ ላይ የክብሪት ሳጥን የምታህል የኮምፒውተር ማያ ተከፈተች፤ ከታች ትናንሽ ምልክቶች ተደርድረውባታል፣ ጉንዳን የምታህል የመዳፊት ቀስት ትሄድባታለች። ሙሰዲቅ በገመድ ከሱቁ ቴሌቪዥን ጋር አገናኛትና ማያዋ ግድግዳውን ሞላች። የቁልፍ ሰሌዳና መዳፊት ሰካ። ለሙከራ ባዶውን ፎርም ከፈትኩት፤ ዓምዶቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ፊደሉም ፊደል ነው።

«ሊኑክስ ነው፤ ኮምፒውተርሽን ያንቀሳቅስ የነበረው ፕሮግራም ራሱ» አለ። «ባልሽ ጭኖልሽ የለ?»

«አዎ» አልኩ።

«አሁን ስሚ ማዳም። የስልኩ ቤት ባለቤት አንድሮይድ ነው። ይሄ ሊኑክስ ተከራይ ነው፣ ያውም ውል የሌለው። አከራዩ እንግዳ ካልመጣበት ዝም ይለዋል። እንግዳ ከመጣበት ግን የተከራዩን ዕቃ ሰብስቦ ደጅ ነው የሚወረውረው።»

«እንግዳው ማነው?»

«የስልክ ጥሪ ነዋ። አንድ ጥሪ ከመጣ ያልተቀመጠ ሥራሽ ሄደ። ሌላው ሙቀት ነው። ከሞቀ ያንቀላፋል። ስለዚህ ሁለት ነገር፤ አይጠራ፣ አይሙቅ።»

«ስልክ እንዴት አይጠራም?»

«አውሮፕላን ውስጥ እንዳለሽ አድርጊዋ፤ የአውሮፕላን ምልክቷን ስትነኪ ጥሪ አይገባም። ለሰዎችሽ ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው።»

እሺ አልኩት። ለማንም አልነገርኩም።

ገመዱን፣ የቁልፍ ሰሌዳውንና መዳፊቱን ተውሼ ቤት ስደርስ እልፍነሽ ደጃፌ ላይ በፌስታል የጠቀለለችው በረዶ የሠራ ዓሣ ይዛ ቆማለች። ለውለታዬ ያመጣችው ነው። የኮምፒውተሩን ነገር ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ፤ ስልኩ ከቴሌቪዥኔ ጋር ሲያያዝ ስታይ ደግሞ ጭራሽ ተስፋ ቆረጠች።

«ፅዮንዬ፣ የዕድሜ ልኬን ነገር በዚህች ስልክ ላይ ልጣል?»

«ሌላ የለንም።»

ኤሲው ሙሉ ኃይሉን እየጮኸ እንኳ ስልኩ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደ ካውያ ጋለ። ቀስቷ መጎተት ጀመረች፤ አንድ ቃል ጽፌ እስኪታይ ሌላውን አስብ ነበር። ከጎረቤት በረዶ ለምኜ በሳህን አድርጌ ላስቀምጠው አልኩ፤ ውሃው ያስፈራል። እልፍነሽ የራሷን ፌስታል አነሣች።

«ዓሣው ላይ አስተኚው» አለች።

አስተኛሁት። አንድ ክንድ የሚሆን፣ ዓይኑ የፈጠጠ ዓሣ ነበር። በደረቅ ፎጣ ከልዬ ስልኩን ከጎኑ ላይ ሳጋድመው ቀስቷ ወዲያው ሩጫ ጀመረች። እልፍነሽ አንድ ጊዜ አማትባ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሦስተኛውንና አራተኛውን ገጽ ጨርሼ አምስተኛውን ስጀምር፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አበዛሽ ደወለች። ስልኩን አውሮፕላን ውስጥ ማስገባቱን ረስቼው ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ጠቆረ። ያልተቀመጠው ሁሉ ሄደ፤ ማስቀመጥ ያለብኝ እኔ ነበርኩ፣ የድሮው ማሽን በራሱ ሲያስቀምጥ ለምዶብኝ ነው።

«እራት ምን ልትሠሪ አሰብሽ?» አለችኝ አበዛሽ።

ስለ አበዛሽ መናገር አለብኝ። ባለቤቴ ሀይለየሱስ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ከቀብሩ ስመለስ የእድራችን ሴቶች ሳይነግሩኝ ሳምንቱን ተከፋፈሉት፤ ለእያንዳንዷ አንድ ቀን ደረሳት። ሰኞ የምትደውለው እሑድ አትደውልም፣ እሑድ የምትደውለው ሰኞ አትደውልም። ረቡዕ የአበዛሽ ነው። ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ምግብ ነው። በእነዚህ ሦስት ዓመታት አንድም ቀን አላመለጣቸውም፤ እኔም አንድም ቀን ሳላነሣ አልቀረሁም። ጥሪው ባይኖር ምን እንደሚመስል አስቤው አላውቅም።

«ዓሣ» አልኩና ዘጋሁት። ከዚያ ስልኩን አውሮፕላን ውስጥ አስገባሁት።

ሊኑክሱን እንደገና አስነሥቼ፣ በየአንቀጹ እያስቀመጥኩ፣ የጠፉትን ገጾች መለስ ብዬ ጻፍኳቸው። ቤቱ ከኤሲው በቀር ድምፅ የለበትም። ማንም ሊደውልልኝ አይችልም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ይህ ደስ አለኝ። አምስተኛውን ገጽ ፈጽሜ ዓይኔ አልታዘዝ ሲለኝ ተኛሁ። ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ስድስተኛውን ጀመርኩ።

አንድ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ዓሣው ቀልጦ ስልኩ መሞቅ ጀመረ። ማቀዝቀዣዬ ከተበላሸ ከርሟል፤ ከጎረቤት ሌላ የበረዶ ነገር ልለዋወጥ ዓሣውን በእጄ ይዤ በሩን ከፈትኩ።

ደጃፌ ላይ ድንኳን ተተክሏል። የእድራችን ድንኳን ነው፤ ሰማያዊና ነጩ፣ በአንድ ጥጉ የተጣፈው። ከሥሩ የፕላስቲክ ወንበሮች በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል፤ ሃያ አምስት ያህል ሰው ተቀምጧል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ሲያዩኝ ሁሉም ተነሡ።

የመጀመሪያ ሐሳቤ እህቴ ሞታለች የሚል ነበር። ደብረ ብርሃን አንዲት እህት አለችኝ። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ማልዶ ይሰበሰባል፣ በር ላይ ይቆማል፣ ሐዘንተኛው ሰዎቹን አይቶ ራሱ ይረዳዋል። እነሱ ደግሞ፣ በኋላ እንደነገሩኝ፣ እኔ መርዶ ሰምቼ፣ ስልኬን ዘግቼ፣ ለብቻዬ ሐዘን የተቀመጥኩ መስሏቸዋል። ሐዘንተኛን ማን ሞተብሽ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ እኔ እስኪነግሩኝ ጠበቅኩ፤ እነሱም እስክነግራቸው ጠበቁ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ገብረማርያም። ጋሽ ገብረማርያም ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ የባቡር ጸሐፊ ነበሩ፣ ደንብ ይወዳሉ።

«አሜን» አልኩ።

ዓሣውን ወደ ሌላው እጄ አዛወርኩ።

«መቼ ነው?» አልኩ በመጨረሻ።

«እሱንማ የምታውቂው አንቺ ነሽ» አሉ በሐዘን።

ይህን የሰማሁት መልስ ላለመስጠት እንደተባለ ነው። ለእህቴ መደወል እችላለሁ። ለመደወል ስልኩን ከአውሮፕላን ማውጣት አለብኝ፤ ስልኩ ከአውሮፕላን ከወጣ ይህን የሰማ አንዱ ዘመድ አዝማድ መደወሉ አይቀርም፤ ተከራዩም ደጅ ይወረወራል። ሊኑክሱን ማስነሣት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። የቀረኝ ሦስት ገጽ ተኩልና ሦስት ሰዓት ነው።

«ገጹን ልጨርስ» አልኩ።

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አበዛሽ ወደ ፊት መጣችና ዓሣውን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችው።

«ስጪኝ የኔ እናት» አለች፤ «እኔ እይዘዋለሁ።»

ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ስገባ ተከትለውኝ ገቡ፤ አልጋዬ ጠርዝ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ ካመጧቸው ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። እኔ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጬ እጽፋለሁ። ከኋላዬ አበዛሽ ዓሣውን ጭኗ ላይ አድርጋ ራሷን ትነቀንቃለች። ስልኩን ከሴቶቹ አንዷ ያመጣችው የቀዘቀዘ የውሃ ጠርሙስ ላይ አጋደምኩት፤ እንዳይንከባለል አንዱ ሽማግሌ በሁለት ጣታቸው ያዙልኝ፣ ምን እንደያዙ ግን አልጠየቁም። ስድስተኛውን ገጽ እህቴ ሞታ ይሆናል እያልኩ ጨረስኩት። እጄ እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ጊዜ ተለማምዶታል።

ሰባተኛው ገጽ ላይ እያለሁ ከውጭ ታላቅ ለቅሶ ተሰማ። እልፍነሽ ናት። ወረቀቶቿን ልትወስድ መጥታ ድንኳኑን ስታይ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ቤት ውስጥ የነበሩት ሲሰሙ፣ እስካሁን የታፈነው ሁሉ ፈነዳና አብረዋት አለቀሱ። ደረታቸውን የሚደቁ ነበሩ። ጋሽ ገብረማርያም ወጡ። እልፍነሽ የቤቱ ዘመድ አይደለችምና እሷን መጠየቅ ነውር የለውም።

«እልፍነሽ፣ ማን ሞቶ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ፤ እሷ የሞተች መስሎኝ ነው።»

«እሷማ አለች። እየጻፈች ነው።»

እልፍነሽ ለቅሶዋን አቆመች። «እየጻፈች ነው? ስንተኛው ላይ ደርሳለች?»

«ታዲያ ለማን ነበር የምታለቅሺው?»

«ለወረቀቴ ነዋ ጋሽ ገብሬ። ለእሷማ ሲደርስ አለቅስላት ነበር።»

ነገሩ ተራ በተራ ተፈታ። እህቴ ደህና ናት፤ ቢያንስ ከእነሱ ስለ እሷ የሰማ የለም። መርዶ የሰማሁም እኔ አይደለሁም። አበዛሽ ማታ ምን እንዳየች ተናገረች።

«ስትዘጊብኝ መልሼ ደወልኩ፤ የቴሌዋ ሴትዮ በሦስት ቋንቋ የለችም አለችኝ። መጥቼ አንኳኳሁ፤ አልሰማሽም። በመስኮቱ ስንጥቅ ባይ ቴሌቪዥኑ ላይ ሥዕል የለ፣ ሰው የለ፣ ጽሑፍ ብቻ። አንቺ ፊቱ ተቀምጠሻል፤ ጠረጴዛው ላይ ዓሣ ተኝቷል፣ ዓሣው ላይ ስልክ ተኝቷል። ምን ልበል? ሐዘን እንጂ ይሄ ምን ይባላል?»

«ሊኑክስ ይባላል» አልኩ። የሚያረካ መልስ አልነበረም።

«እንኳን ሞት አልሆነ» አሉ ጋሽ ገብረማርያም። ከዚያ ወንበራቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ማንም እንዳልተነሣ አየሁ።

«እንግዲህ ድንኳኑ…» አልኩ።

«የሚያስቸግረው እሱ ነው» አሉ። «በደንባችን አንቀጽ አሥራ ሁለት የተተከለ ድንኳን ከሦስት ቀን በፊት አይነቀልም። ደንቡን ያወጣነው ሰዎች ተጣልተው ድንኳን በሁለት ሰዓት ሲያስነቅሉ አይተን ነው። ያለ ሐዘን ድንኳን ተተክሎ ቢቆምም ጥሩ አይደለም፤ ሞት ይጠራል ይላሉ።»

«ማን ይላል?»

«ይባላል።»

በሹክሹክታ ተማከሩ። አንዱ የሩቅ አጎታቸውን ስም አነሡ፤ ዘንድሮ የሞቱ ናቸው፣ ግን ከሰውየው ጋር የሚነጋገር አልነበረም። ከዚያ ጋሽ ገብረማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የሀይለየሱስን ልቅሶ እኛ እዚህ አልተቀመጥንም።»

እጄን ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ አነሣሁ።

«አገር ቤት ተቀምጠናል» አልኩ።

«እናንተ ተቀምጣችኋል። እኛ አልተቀመጥንም። ስትመለሺ በቃ አልሽን፤ እሺ አልን። እድሩ ግን ለእሱ አንድ ወንበር አላወጣም። ይህ በቃለ ጉባኤያችን ላይ ሦስት ዓመት ክፍት ሆኖ የተቀመጠ ነገር ነው።»

ወደ ቴሌቪዥኑ ዞርኩ። ሰባተኛው ገጽ ከመካከሉ ተቆርጦ የጽሑፍ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አልፏል።

«ሁለት ገጽ ተኩል ይቀረኛል» አልኩ።

ይህን እንደ እሺታ ቆጠሩት። ነጠላዎች ተስተካከሉ። አንዷ ንፍሮ አዞረች፤ ጥቂት ፍሬ የቁልፍ ሰሌዳው ውስጥ ገባ። የውጪዎቹም ሙቀቱን ሸሽተው ቀስ በቀስ ገቡ። ለሀይለየሱስ ሊያዝኑ የተቀመጡ ሠላሳ ሰዎች ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ቴሌቪዥኑ ነበር፤ ሌላ የሚታይ አልነበረማ። እኔ የምጽፈው እያንዳንዱ ቃል በትልቅ ፊደል ግድግዳው ላይ ይወጣል።

መሐላዬ ትዝ አለኝ። «እልፍነሽ፣ ወረቀትሽን ሰው ሁሉ እያነበበ ነው።»

«ያንብቡት። ምን ምስጢር አለኝ?»

ስምንተኛው ገጽ የጥምቀት ምስክር ወረቀቷ ነበር። የተወለደችበትን ዓመት ስጽፈው ከኋላዬ ማጉረምረም ተነሣ።

«ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት?» አለች አበዛሽ። «አምና ሃምሳ ሁለተኛ ዓመቴ ነው ብላ ዳቦ አስጋግራኛለች።»

«ሃምሳ ዘጠኝ ይመጣል» አለ ከጥግ አንድ የሚያሰላ።

«ዕድሜዬን ለቢሮ ነው የሰጠሁት» አለች እልፍነሽ፤ «ለእናንተ አይደለም።»

ከዚያ ቀጥሎ ያለው መስመር የትውልድ ቦታ ነው። ወረቀቱ በዚያ መስመር ላይ ለስልሳ ዓመት ገደማ ታጥፎ ኖሯል፤ ቀለሙ ከእጥፋቱ ጋር ሄዷል። በመብራት አየሁት፣ አገላብጬ አየሁት። አንድም ፊደል አይነበብም። «የማይነበብ» ብዬ ጻፍኩ።

«ለምን?» አለች እልፍነሽ። ድምፅዋ ቀጭን ሆነ። «እዚህ ነዋ። ጂቡቲ በይው። ሁሉም የሚፈልገው እሱን መስመር ነው እኮ።»

«ወረቀቱ ላይ የለም።»

«እኔ አለሁ አይደል?»

«የምተረጉመው ወረቀቱን ነው። ወረቀቱ ያላለውን ብጽፍ ማኅተሜ ዋጋ የለውም፤ አንቺንም አይጠቅምሽም።»

አለቀሰች። ይህኛው ለቅሶ ድምፅ አልነበረውም። ያን ጊዜ ጋሽ ገብረማርያም ከወንበራቸው ተነሡ።

«እልፍነሽ የተወለደችው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከሠራተኞቹ ቤቶች ሦስተኛው ውስጥ ነው» አሉ። «አባቷ ያን ቀን ፈረቃ እንድቀይራቸው ለመኑኝ። አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ፤ ገና ወር አልሞላኝም። አሥራ ስድስት ሰዓት ቆሜ ሠራሁ። ፈረቃውን እስካሁን አልመለሱልኝም፤ ነፍሳቸውን ይማር።»

«እናቴም እናቷን በአራስነቷ ጠይቃታለች» አሉ ስልኩን የያዙልኝ ሽማግሌ። ሦስተኛ ሽማግሌም ተነሡ።

«ይህን በጽሑፍ አድርጉልኝ» አልኩ። «በስማችሁ፣ በፊርማችሁ። እሱን እተረጉመዋለሁ።»

ጋሽ ገብረማርያም የእድሩን የደብዳቤ ወረቀት ከቦርሳቸው አወጡ፤ ያለ እሱ አይሄዱም። በዚያ በባቡር ጸሐፊ ቀጥ ያለ እጅ የሆነውን ሁሉ ጻፉ። ፈረቃውንም አልተዉትም። ሦስቱ ፈረሙ። እኔ እነሱ ሲጽፉ ዘጠነኛውን ገጽ ጨርሼ አሥረኛ ከፈትኩ። ሰዓቱ ሦስት ከሃያ ነበር።

ያን ጊዜ ከድንኳኑ ጫፍ የሙሰዲቅ ድምፅ ተሰማ፤ በጣም ዝቅ ያለ ድምፅ።

«በኤሌክትሪክ ነው?» ብሎ በሩ ላይ ያለውን ሰው ጠየቀ።

«ምኑ?»

«ማዳም። አራት ጊዜ ደወልኩላት። አቦ፣ ገመዱን እኔ ነኝ የሰጠኋት።»

አሳለፉት። ገብቶ ሠላሳ ነጠላ የዘቀዘቀ ሰው ቴሌቪዥን ሲያይ፣ እኔ ስጽፍ፣ አበዛሽ ዓሣ ታቅፋ ስታለቅስ ተመለከተ። በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ተናገረ።

የአሥረኛውን ገጽ የመጨረሻ መስመር ጨርሼ «ማተም አለብኝ» አልኩት። «ሐዘንተኛ ነኝ፤ ከቤት መውጣት አልችልም።»

«ማን ሞተ?»

«ባለቤቴ።»

ሀይለየሱስ ከሞተ ሦስት ዓመቱ መሆኑን ሙሰዲቅ ያውቃል። ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ስልኩ ላይ ሰካና አሥሩን ገጽ ይዞ ሮጠ። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው በዚያ ሙቀት ሲሮጥ ካርቲየ 1 ሰው ሞቷል ብሎ ተጨማሪ ሰው መጣ።

በሩብ ሰዓት ተመለሰ። ወረቀቶቹን ጭኔ ላይ አድርጌ በእያንዳንዱ ላይ ፈረምኩ፣ ማኅተሜን አሳረፍኩ። እልፍነሽ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተተቻቸው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ምናልባት ቢጠየቁ ብለው፣ እንደ ሆኑ በልቅሶ ልብሳቸው፣ ታክሲው ውስጥ ተጣብበው ገቡ። አራት ሰዓት ሊሆን አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀር ነበር።

ሥራው ካለቀ ቤት ውስጥ መታጨቅ ወግ አይደለም ብለው ሴቶቹ ወደ ድንኳኑ ወጡ። እኔ ስልኩን ከገመዱ ነቅዬ፣ በደረቅ ፎጣ ጠርጌ፣ ከአውሮፕላን አወረድኩት። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። አንድም ሰው አልደወለም። የሚደውሉልኝ ሰዎች ሁሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ስልኩን ያዩ ነበር።

አራት ሰዓት ሆነ። አራት ከሩብ ሆነ። አበዛሽ ስለ ዓሣው አንድ ነገር ልትጠይቀኝ ጀመረችና ተወችው። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኩ ጠራ።

«ፅዮንዬ» አለች እልፍነሽ። ከኋላዋ የመኪና ድምፅ ይሰማል። «ሰልፉ ነው ያቆየኝ። የመስኮቷ ሴትዮ አሥሩንም ገጽ ቆጠረች። የማይነበብ የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷን አስቀመጠች። የተወለድሽው የት ነው አለችኝ። ጋሽ ገብሬ ከኋላዬ በፈረንሳይኛ ስለ ፈረቃው ጀመሩላት።»

«እሺ።»

«እስከ መጨረሻው ነገሯት። አሥረኛውን ገጽ አነበበች፣ ሦስቱን አየቻቸው። ማን ሞቶባችሁ ነው አለች፤ ልቅሶ ላይ ነን፣ እንመለሳለን አሏት። ማኅተሟን መታችበት። ተቀብላኛለች፣ ፅዮንዬ። ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ይዣለሁ። መዝገቤ አልተዘጋም።»

ድምፁን ከፍ አድርጌው ስለነበር ሁሉም ሰምተዋል። አበዛሽ ብድግ ብላ አፏን ለእልልታ ከፈተች።

«እልፍነሽ፣ ስልኩን ስጪኝ» የሚል ድምፅ መጣ። ጋሽ ገብረማርያም ናቸው። «ድንኳን ውስጥ እልል አይባልም። ንገሪያቸው።»

አበዛሽ አፏን ዘጋች። ሴቶቹ ተያዩ። ከዚያ ሁሉም ተነሥተው በሰልፍ ከድንኳኑ ወጡ፤ የመጨረሻውን ገመድ አለፉ፣ መንገዱን ተሻገሩ፣ ማዶ ከተዘጋ ሱቅ ፊት ቆሙ። ነጠላቸውን አቃኑ። ሦስት ጊዜ እልል አሉ። የሚያልፍ ታክሲ ሠርግ መስሎት ጥሩምባውን ነፋላቸው። እነሱም ሲጨርሱ ነጠላቸውን እንደገና ዘቅዝቀው፣ ራሳቸውን ደፍተው፣ መንገዱን ተሻግረው ተመለሱና በየወንበራቸው ተቀመጡ።

ከአበዛሽ ጎን አንድ ወንበር ክፍት ነበር። ሄጄ ተቀመጥኩ። ነጠላዬን ዘቀዘቅኩት። ገና ሁለት ቀን ተኩል ይቀረን ነበር።